የትኛው ምሽት ነበር? የሶል ሙዚቃ የመድረክ ቅጂዎችን ለያዙ አሳታሚዎችና የድምፅ ቤተ መዛግብት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራትና ክቡራን፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህ ደብዳቤ ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ የቀሩ የሶል ሙዚቃ (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው) ቴፖች በእጃችሁ ላሉ ሁሉ ነው። ትልቅ አሳታሚ ብትሆኑም፣ ሬዲዮ ጣቢያ ብትሆኑም፣ የመንግሥት ቤተ መዛግብት ብትሆኑም ጥያቄዬ አንድ ነው። የመድረክ ቅጂ ስታወጡ የት እንደተቀዳ ጻፉልን። በየትኛው ቀን፣ በምሽቱ ስንተኛው ዙር፣ እነማን እየተጫወቱ እንደሆነ ጻፉልን። ለአልበሙ በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ዘፈን ለየብቻ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ነገሩን ለምን ይህን ያህል እንደያዝኩት ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሙዚቃ የሚሰበስብ ወዳጄ የአሜሪካዊውን የሶል ዘፋኝ የዶኒ ሃታዌይን የመድረክ ቅጂ ላከልኝ። ጽሑፉ "ዶኒ፣ ላይቭ፣ ካሊፎርኒያ፣ 1972" ይላል። ሌላ ምንም የለም። እሱም ከሌላ ሰው ነው ያገኘው፤ ያም ሰው ከሌላ። ከፍቼ ስሰማው ደነገጥኩ። ዶኒ በ1972 ያወጣውን የመድረክ አልበም በቃሌ ነው የማውቀው። ትንፋሹ የት ጋ እንደሚሰማ ሳይቀር አውቃለሁ። ይህ ግን ያ አልነበረም። ዘፈኖቹን አውቃቸዋለሁ፣ አዘፋፈኑ ግን ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ፒያኖው ሌላ መንገድ ይሄዳል። ሰዎቹ የሚያጨበጭቡት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዶኒን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ቺካጎ ተወልዶ ሴንት ሉዊስ ያደገ፣ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር የተኮተኮተ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ያጠና ሰው ነው። በራሱ ስም ያወጣቸው የስቱዲዮ አልበሞች ሦስት ብቻ ናቸው። በጃንዋሪ 1979 በ33 ዓመቱ አረፈ። ስለዚህ ከእሱ የተረፈች እያንዳንዷ ደቂቃ ለእኛ ብዙ ናት። ደግሞ ሰውየው መድረክ ላይ ሌላ ሰው ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የአውታርና የትንፋሽ መሣሪያዎችን እየደራረበ በጥንቃቄ የሚሠራው ሰው፣ በትንሽ ክለብ ውስጥ ከአምስት ሰው ጋር ሲቀመጥ ጨዋታውን ይለቀዋል። ሕዝቡ ሲዘፍንለት ዝም ብሎ ይሰማል።

ወደ ቅጂው ልመለስ። መጀመሪያ የገረመኝ ነገር ቅኝቱ ነው። ኪቦርዴ ላይ አብሬው ልጫወት ስል አልገጠመኝም። ድምፁ በሁለት ቁልፎች መካከል ተሰንቅሮ ነው ያለው። ፒያኖው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በኋላ ግን በዘፈኖቹ መሀል፣ ጭብጨባው ሲረግብ፣ ከሥር አንድ ጉምጉምታ እንዳለ አስተዋልኩ። ይህ ከኤሌክትሪክ መስመር ወደ ድምፅ ማጉያው ሾልኮ የሚገባ ድምፅ ነው። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መስመር በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል። የአውሮፓው 50 ጊዜ ነው። የኔ ቅጂ ጉምጉምታ ሲለካ 58 ላይ ተገኘ። ያ ማለት ቴፑ አንድ ቦታ ሲገለበጥ በመቶ ከሦስት በላይ ዘግይቷል ማለት ነው። ፍጥነቱን ወደ 60 ስመልሰው ፒያኖው ተስተካከለ። ድምፁም ተስተካከለ። ሰውየው ከክፍሉ ጥግ ተነሥቶ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ።

ጉምጉምታው አሜሪካ መሆኑን ሊነግረኝ ይችላል እንጂ ክለቡን አይነግረኝም። ክለቡን የነገረኝ ጊታሩ ነው።

በ1972 የወጣው አልበም በሁለት ቦታ የተቀዳ ነው። የሸክላው አንደኛ ገጽ በኦገስት 1971 በሆሊውድ ትሩባዱር ክለብ ነው የተቀዳው። ሁለተኛው ገጽ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ኒውዮርክ ውስጥ ቢተር ኤንድ በሚባለው ክለብ ነው። ቤዙ ላይ ዊሊ ዊክስ፣ ከበሮው ላይ ፍሬድ ዋይት፣ ኮንጋ በሚባለው የእጅ ከበሮ ላይ ኧርል ዴሩዌን፣ ሁለተኛ ጊታር ላይ ማይክ ሃዋርድ በሁለቱም ቦታ አሉ። (ፍሬድ ዋይት በዚያን ጊዜ ገና 16 ዓመቱ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያስደንቀኛል።) የሚለየው መሪ ጊታሩ ነው። ትሩባዱር ላይ ፊል አፕቸርች ነው የሚጫወተው። ቢተር ኤንድ ላይ ኮርኔል ዱፕሪ። ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ግን እጃቸው አይመሳሰልም። ዱፕሪ ጥቂት ኖታ ነው የሚነካው። ይቆጥባል። ዘፋኙ ቃል ሲጨርስ ጠብቆ አንዲት አጭር መልስ ይሰጥና ይመለሳል። አንዴ ከለመዳችሁት አትስቱትም።

እና የኔ "ካሊፎርኒያ" ላይ የሚሰማው ዱፕሪ ነበር።

ወራት ፈጀብኝ። በመጨረሻ በ2013 በወጣው የዶኒ ስብስብ ውስጥ የቢተር ኤንድ ምሽቶች ብቻ ያሉበትን ዲስክ አገኘሁ። ከ42 ዓመት በኋላ የወጣ ዲስክ ነው። ቀድሞ ባለማግኘቴ ጥፋቱ የራሴ ነው። ጎን ለጎን አድርጌ ሰማኋቸው። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ከታዳሚው መሀል አንድ ሰው ሁለቴ ያፏጫል፤ ሁለተኛው ፉጨት ከመጀመሪያው ይረዝማል። በኔም ቅጂ ላይ ያው ሰው ያፏጫል። በዚያው ቅጽበት፣ በዚያው ርዝመት። ጭብጨባና ፉጨት ደግሞ እንደ አሻራ ነው፤ ሁለቴ አንድ ዓይነት ሆኖ አይመጣም። ነገሩ ተቆረጠ። ካሊፎርኒያም አይደለም፣ 1972ም አይደለም። ኒውዮርክ፣ ኦክቶበር 1971 ነው።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ሰው የሆነ ቦታ "ካሊፎርኒያ" ብሎ ጻፈ። ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ ገምቶ ይሆናል። ግን ያቺ አንዲት ቃል ምን እንዳደረገች እዩ። አልበሙን የሚያውቅ ሰው "ካሊፎርኒያ" የሚለውን ሲያይ "እንግዲያው ትሩባዱር ነው፣ ጊታሩም አፕቸርች ነው" ይላል። የዱፕሪ ሥራ ለአፕቸርች ተሰጠ ማለት ነው። ኮርኔል ዱፕሪ በ2011 አርፏል። "እኔ ነኝ የተጫወትኩት" ብሎ የሚከራከርበት ጊዜ አልፏል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ ስሙን የሚያውለው ግን ያ ወረቀት ነው። የቦታ ስሕተት የቦታ ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም። የአንዱን ሰው ጣት ቆርጦ ለሌላው ይቀጥላል።

ይህን የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው። ለዘፋኙማ ማንም ይቆረቆርለታል። ፎቶው ሽፋኑ ላይ ነው። የሚጠፋው ከኋላ የቆመው ነው።

ይህ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞሩ ቅጂዎች ላይ ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም። በሕጋዊ መንገድ የወጡትም ቢሆኑ ብዙ ደብቀውናል። የሶል ዘፋኙ ኦቲስ ሬዲንግ በ1967 ያወጣው የመድረክ አልበም ርዕሱ ላይ የጻፈው ቦታ "አውሮፓ" ነው። አውሮፓ ሰፊ ነው! ቅጂው የፓሪሱ ኦሎምፒያ አዳራሽ ነው፤ ማርች 21 ቀን 1967። ያ ስታክስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ዘፋኞች ጉዞ ለንደንንም ሌሎች ከተሞችንም ያካለለ ስለሆነ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። የፓሪስ ታዳሚ እንዴት እንደጮኸ የፓሪስ ታሪክ ነው። "አውሮፓ" ሲባል የማንም አይሆንም።

ከዚህ የባሰም አለ። ጄምስ ብራውን በ1970 ያወጣው ድርብ አልበም ባደገበት ከተማ በኦጋስታ፣ ጆርጂያ በመድረክ ላይ የተቀዳ ነው ተብሎ ነው የተሸጠው። ከፊሉ እውነት ነው። የቀረው ግን ስቱዲዮ ውስጥ ተቀድቶ በኋላ ጭብጨባና ማሚቶ የተለጠፈበት ነው። በልጅነቱ ያንን ጭብጨባ እየሰማ "ምነው እዚያ በነበርኩ" ያለ ሰው ስንት ይሆን? ሙዚቃው ግሩም ነው፣ አልክድም። ያለ ጭብጨባውም ግሩም ነበር። ለምን ዋሸን?

ያው ጄምስ ብራውን ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ የሠራውን ደግሞ እዩ። ኦክቶበር 24 ቀን 1962፣ አፖሎ ቲያትር፣ ሃርለም፣ ኒውዮርክ። የአሳታሚው አለቃ የመድረክ አልበም አይሸጥም ብሎ ገንዘብ ከለከለው። ብራውን ከኪሱ 5,700 ዶላር አውጥቶ አስቀዳው። አልበሙ በ1963 ወጥቶ በቢልቦርድ መጽሔት የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። ቀኑን እናውቃለን። አዳራሹን እናውቃለን። ስለዚህ ዛሬም ስንሰማው ያቺ የምትጮኸው ሴት የት ተቀምጣ እንደነበር እስክናስብ ድረስ ውስጡ እንገባለን። ቀንና ቦታ የአዋቂዎች ትርፍ ዕውቀት አይደለም። የመስሚያው በር ነው።

የሶል ዘፋኟ አሪታ ፍራንክሊን በጃንዋሪ 13 እና 14 ቀን 1972 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በኒው ቴምፕል ሚሽነሪ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የዘመረችበትን ሁለት ምሽት ታስታውሳላችሁ። ድምፁ በዚያው ዓመት አልበም ሆኖ ወጣ። በፊልም የተቀረጸው ግን እስከ 2018 ድረስ ለሕዝብ አልታየም። ለመዘግየቱ የመብት ክርክርም ምክንያት ነበር፤ የመጀመሪያው እንቅፋት ግን በጣም ቀላል ነገር ነው። ሲቀርጹ ያቺን ጠቅ የምታደርግ የእንጨት ሰሌዳ አልተጠቀሙም። በዚህ ምክንያት የትኛው ምስል ከየትኛው ድምፅ ጋር እንደሚሄድ ማንም ሊያዛምደው አልቻለም። የሁለት ምሽት ፊልም ተከምሮ ቀረ። በኋላ የኮምፒውተር ቴክኖሎጂ ነው ያወጣው። አንዲት ሰሌዳ! በእንጨት ላይ በጠመኔ የሚጻፉ ሁለት መስመሮች ስላልነበሩ 46 ዓመት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚሉት ይህንን ነው።

አሁን ወደ እናንተ መጋዘን ልግባ።

ቴፕ ዘላለማዊ እንዳልሆነ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። በ1970ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በኋላ የተሠሩ ብዙ ቴፖች ማጣበቂያቸው እርጥበት እየጠጣ ይሟሟል። መጫወቻው ላይ ሲደረጉ ይጮኻሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ቡናማ ዱቄት ያራግፋሉ። በ50 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት በዝግታ ተጋግረው ነው ለጊዜው የሚድኑት። እሳትም አለ። በፌብሩዋሪ 1978 ሎንግ ብራንች፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ የአትላንቲክ ሬከርድስ መጋዘን ተቃጠለ። ዶኒም አሪታም የነበሩበት ኩባንያ ነው። ከ5,000 በላይ የቴፕ ጥቅሎች ጠፉ ይባላል፤ አብዛኞቹ ሳይታተሙ የቀሩ ቅጂዎችና ትርፍራፊዎች ናቸው። በጁን 2008 ደግሞ በሆሊውድ የዩኒቨርሳል ግቢ ውስጥ ሌላ የቴፕ ማከማቻ ነደደ። የዚያ ጉዳት ስፋት በጋዜጣ በዝርዝር የወጣው ከ11 ዓመት በኋላ ነው።

ሳይታተም የቀረ ቴፕ ሲቃጠል ሙዚቃው ብቻ አይደለም የሚሄደው። ሳጥኑም አብሮ ይሄዳል። በሳጥኑ ጎን ላይ መሐንዲሱ በእርሳስ የጻፈው ነገር አለ። ቀኑ፣ ክለቡ፣ ስንተኛው ጥቅል እንደሆነ፣ የቴፑ ፍጥነት፣ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል፤ አንዳንዴም "ጊታሩ እዚህ ጋ ተቋረጠ" የሚል ማስታወሻ። ለኔ ያ ጽሑፍ ከድምፁ እኩል ነው። ድምፁን ዲጂታል አድርጋችሁ ሳጥኑን የጣላችሁ ካላችሁ፣ ግማሹን ነው ያዳናችሁት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ቀላል ነው። የሳጥኖቹን ጎን ፎቶ አንሱ። አራቱንም ጎን። ውስጡ የተከተተ ወረቀት ካለ እሱንም። ከዚያ ፎቶውን ልቀቁት። ሙዚቃውን በነፃ ስጡን አላልኩም። ሙዚቃው ንብረታችሁ ነው፤ የዘፋኞቹ ቤተሰቦችም ድርሻ አላቸው። የሳጥን ፎቶ ግን ማንንም ገበያ አያሳጣም። እንዲያውም ሰው "ይህ መቼ ይወጣል?" እያለ እንዲጠብቅ ያደርጋል።

ሁለተኛው የሙዚቀኞች ማኅበር ውል ነው። አሜሪካ ውስጥ ለቅጂ ሥራ ሙዚቀኞች በማኅበራቸው በኩል ሲከፈላቸው ቅጽ ይሞላ ነበር። ቅጹ ላይ የእያንዳንዱ ተጫዋች ስምና ቀኑ አለ። ይህ ከማንም ትዝታ የተሻለ ማስረጃ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ "እዚያ ነበርኩ" የሚል ሰው በቅንነት ሊሳሳት ይችላል። የክፍያ ቅጽ ግን የሚሞላው በዚያው ሰሞን ነው። እነዚህ ቅጾች በኩባንያዎቻችሁ ማኅደር ውስጥ አሉ። የግል መረጃውን ሸፍናችሁ ስሙንና ቀኑን አውጡት።

እኛ ከውጭ ሆነን የምናደርገውን እናደርጋለን። የቺካጎ ዲፌንደርንና የአምስተርዳም ኒውስን የድሮ ገጾች እያገላበጥን የክለብ ማስታወቂያ እንፈልጋለን። ማን በየትኛው ሳምንት የት እንደዘፈነ ጥቁር አሜሪካውያን ያሳትሟቸው የነበሩ እነዚህ ጋዜጦች ናቸው ከሌላው በተሻለ የመዘገቡት። አስተዋዋቂው ሲናገር የሚለውን እናዳምጣለን። ዘፋኙ "ገና ያልወጣ አዲስ ዘፈን" ካለ የዘፈኑን መውጫ ቀን እናያለን፤ ቅጂው ከዚያ በፊት ነው። ዶኒ ራሱ በቢተር ኤንዱ የመጨረሻ ዘፈን ላይ ተጫዋቾቹን በስማቸው እየጠራ ነው ተራ የሚሰጣቸው። ዊሊ ዊክስ ጋ ሲደርስ በአገሩ እሱን የሚያህል ቤዝ ተጫዋች እንደሌለ ነው የሚናገረው። ዘፋኙ ራሱ መድረክ ላይ ሆኖ ምስክርነት ሰጥቷል። ያን ያደረገው ሰዎቹ እንዲታወቁለት ፈልጎ ነው።

እዚህ ላይ ድምፅ ለምታጸዱ መሐንዲሶች አንድ ነገር ልለምን። እባካችሁ በዘፈኖቹ መሀል ያለውን አትቁረጡ። ጊታር ሲቃኝ፣ ብርጭቆ ሲጋጭ፣ አስተዋዋቂው ሲያስነጥስ፣ አንዱ "ዶኒ!" ብሎ ሲጣራ፤ ይህ ሁሉ ለእናንተ ቆሻሻ ሊመስላችሁ ይችላል። ማስረጃችን ግን እሱ ነው። ያንን ጉምጉምታ አንዱ ቀድሞ አጥቦት ቢሆን ኖሮ የኔ ቅጂ ዛሬም በዘገየ ፍጥነት "ካሊፎርኒያ" እየተባለ ይዞር ነበር። ለሽያጭ የምታወጡትን እንደፈለጋችሁ አጽዱ። ያልታጠበውን ግን አስቀምጡ። ቢቻል እሱንም ለሚመረምር ሰው ክፍት አድርጉት።

የመድረክ ቅጂ ለሚገለብጡና ለሚያዞሩ ወዳጆቼም ያው ነው የምለው። የማታውቁትን ቀን አትጻፉ። "አይታወቅም" የሚለው ቃል አያሳፍርም። ካገኛችሁት ሰው የሰማችሁትን እንዳለ ጻፉ፤ ከማን፣ ከየትኛው ዓይነት ቴፕ፣ ስንተኛ ግልባጭ እንደሆነ። የድሮን ቅጂ ስም ቀይሮ እንደ አዲስ የሚሸጥ ሰው ደግሞ አለ። እኔም ሁለቴ ገንዘቤን ከፍዬ አንዱን ምሽት በሁለት ከተማ ስም ገዝቻለሁ። የቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ያልነበረ ዝግጅት ስፈልግ ነበር። ያልነበረ ምሽት!

ስለ ሕጉም አንድ ነገር አለኝ። በአሜሪካ በ2018 የወጣው የሙዚቃ ሕግ ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 በፊት የተቀዱ ድምፆችን በፌዴራል ሕግ ሥር አስገብቷል። የዶኒ የ1971 ምሽቶች በዚህ ስሌት እስከ ፌብሩዋሪ 2067 ድረስ ጥበቃ አላቸው። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን አንኖርም። ሕጉ ግን አንድ መስኮት ትቷል። በገበያ ላይ የሌለን የድሮ ቅጂ ለትርፍ ባልሆነ ዓላማ መጠቀም የሚፈልግ ሰው በቅን ልቦና ፈልጎ ማጣቱን ካረጋገጠ በኋላ ለቅጂ መብት ቢሮው ማስታወቂያ ያስገባል። ባለመብቱ በ90 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ ይፈቀድለታል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የት እንደተቀዳና መቼ እንደተቀዳ የማይታወቅን ነገር "በገበያ ላይ አለ ወይስ የለም?" ብሎ እንዴት ይፈለጋል? የኔን "ካሊፎርኒያ" ይዤ ብፈልግ ኖሮ "የለም" የሚል መልስ ነበር የማገኘው። በኒውዮርክ ስሙ ግን ሱቅ ውስጥ ተቀምጧል። መረጃው እናንተ ጋ ታሽጎ እስከቆየ ድረስ ይህ የሕግ መስኮት ለሁላችንም ጠባብ ነው። ቅን የሆነው ሰው ሳያውቅ ይሳሳታል። ቅን ያልሆነው ደግሞ መደበቂያ ያገኛል።

"ለዚህ ሁሉ ዝርዝር ገዢ የለውም" እንደምትሉ ይገባኛል። አይመስለኝም። ኦቲስ ሬዲንግን እንደገና እዩት። በኤፕሪል 1966 ሎስ አንጀለስ ዊስኪ ኤ ጎ ጎ ክለብ ውስጥ ሦስት ምሽት ዘፈነ። እሱ ካረፈ በኋላ በ1968 ከዚያ ተመርጦ አንድ ሸክላ ወጣ። በ2016 ግን ሰባቱም ዙር በቅደም ተከተል፣ ምሽቱ ከነዙሩ ተጽፎ በስድስት ዲስክ ወጣ። አንዱ ዘፈን ደጋግሞ ይመጣል። ማን ይሰማዋል? እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ከአንድ ጊዜም በላይ። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ባንዱ እየፈራ ነው። ኋላ ላይ ሰዎቹ ይፈታሉ፣ ኦቲስ ድምፁ እየሻከረ ይሄዳል፣ እሱም አይሳሳለትም። ከዝነኞቹ የስታክስ ስቱዲዮ ተጫዋቾች ጋር ሳይሆን በየከተማው አብረውት ከሚዞሩት የራሱ ባንድ አባላት ጋር ነው የሚጫወተው። የእነዚያን ሰዎች ሥራ እንደዚህ ዘርግቶ ያሳየን ሌላ ቅጂ አላውቅም። ቅደም ተከተሉ ባይጻፍ ኖሮ ስድስት ዲስክ ሙሉ ጫጫታ ነበር።

የሶል ዘፋኙ ሳም ኩክ በጃንዋሪ 12 ቀን 1963 ማያሚ፣ ሃርለም ስኩዌር ክለብ የዘፈነው ቅጂም 22 ዓመት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ በ1985 ነው የወጣው። በጊዜው አሳታሚዎቹ ለሰፊው ገበያ ከለመዱት ለስላሳ ኩክ ጋር ስላልሄደላቸው ነው የተቀመጠው። እንዲህ ያለን ቴፕ ከመደርደሪያ የሚያነሣ ሰው ምን እንዳነሣ የሚያውቀው መለያ ካለው ነው። ሌላ ስንት ኩክ፣ መለያው የወደቀበት፣ እናንተ ጋ ተቀምጦ ይሆን?

አንድ የተለየ ጥያቄ ላቅርብና ልጨርስ። ዶኒ ካረፈ በኋላ በ1980 የወጣው የመድረክ አልበም ከትሩባዱር፣ ከቢተር ኤንድና በ1973 ከካርኔጊ አዳራሽ የተወሰዱ ቅጂዎችን ይዟል። በ2004 ደግሞ ከሁለቱም የመድረክ አልበሞች ተመርጦ፣ ያልታተሙም ተጨምረውበት ሌላ ዲስክ ወጣ። እኔ የምፈልገው የሙሉ ምሽቶቹን ዝርዝር ነው። በኦገስት 1971 ትሩባዱር ላይ ስንት ጥቅል ተቀዳ? በኦክቶበር ቢተር ኤንድ ላይ ስንት? ከካርኔጊው ምሽት የተረፈው ምን ያህል ነው? ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ የሚጫወቱት የትኞቹ ናቸው? አዲስ አልበም እየጠየቅኳችሁ አይደለም። የአንድ ገጽ ዝርዝር ነው የጠየቅኩት። ጥቅሎቹን የያዘው ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ስልክና አንድ ከሰዓት በቂ ናቸው።

ዝርዝሩ ሲወጣ እኔ ደግሞ ያንን ስሕተተኛ ቅጂ የላከልኝን ወዳጄን አገኘዋለሁ። እሱም ለሰጠው ሰው ይነግረዋል። "ካሊፎርኒያ፣ 1972" የሚለውን ሰርዘን "ኒውዮርክ፣ ቢተር ኤንድ፣ ኦክቶበር 1971፣ ጊታር ኮርኔል ዱፕሪ" ብለን እንጽፍበታለን። ቀኑንና ዙሩን ለመጻፍ ከፊቱ ባዶ ቦታ ትተናል። እሱን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶል ሙዚቃ አድማጭ